ለጊፋታ እሳት የሰጠሁት እንጨት

የተላጠ ባሕር ዛፍ ዝናብ ሲነካው የሚሰጠው ሽታ ለሌላው ሰው ምን እንደሆነ አላውቅም። ጉንፋን ለያዘው መድኃኒት፣ ቤት ለሚሠራ ደስታ ይሆን ይሆናል። እኔን ግን ወደ አንድ ሰኞ ይመልሰኛል። ባለፈው የጊፋታ ሰሞን፣ አዲሱን ዓመታችንን ልናከብር ጥቂት ቀን ሲቀረን፣ ወደ ላይኛው መንገድ ሳዘግም አንድ አይሱዙ ሙሉ አጣና ከመንገድ ዳር ሲያራግፉ ደረስሁ። ካፊያው እንጨቱን አርሶታል፤ ቅርፊቱ ገና ያን ዕለት ጠዋት የተላጠ ነው፤ ሽታው የባጃጆቹን ጭስ ሁሉ አልፎ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ባለሁበት ቆምሁ። ከሚያራግፉት አንዱ ጎልማሳ "አባባ፣ አሞዎት ነው?" አለኝ። "የለም ልጄ፣ እንጨቱን እያየሁ ነው" አልሁት። ሰውዬው አላመነኝም መሰለኝ፣ ሸክሙን አስቀምጦ ክንዴን ይዞ መንገዱን አሻገረኝ።

ስሜ ዳልጋ ነው፤ በሶዶ ግንበኞች ዘንድ "ዳልጋ ፖንቴ" ስባል ኖሬአለሁ። ፖንቴ ማለት ግንበኛው ቆሞ የሚሠራበት፣ ከአጣና የሚታሰር መወጣጫ ነው፤ የተማሩት ልጆች ዛሬ ስካፎልዲንግ ይሉታል፣ ልጄም እንደዚያው ነው የምትለው። እኔ ጎረምሳ በነበርሁ ጊዜ ሶዶ ፎቋ በጣት የሚቆጠር ከተማ ነበረች። የዳሞታ ተራራ ጉም ጠዋት ጠዋት እስከ ገበያው ይወርድና ሦስት ሰዓት ሲሆን እንደ ሥራ ፈት ተመልሶ ይወጣል። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ ሲጨመርበት በሃያ አምስት። ከገበያው በላይ ባለችው ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ሬዲዮ ተሰቅሎ ነበር፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ለመቀመጥ ሰበብ እንዲሆነን ሁለተኛ ሻይ እናዝዝ ነበር። ሱሪያችን ከታች የሰፋ፣ የሸሚዛችን ኮሌታ ትከሻ የሚነካ፣ ጫማችን የላስቲክ ኮንጎ። አፍሮዬን አበጥሬ ባቆምሁ ቁጥር እናቴ "አንድ ቀን ወፍ ይገባበታል" ትለኝ ነበር። ይህ ሁሉ ለእሁድ ነው። ሰኞ ለእሁድ የማይሆነውን እንለብሳለን፤ የሥራ ልብስ የምንለው እሱን ነበር።

ሄልሜት የምናየው ወታደር ራስ ላይ ብቻ ነበር። ጓንት ደግሞ የሐኪም ነው ብለን እናምናለን። ሲሚንቶ የምናቦካው በባዶ እግርና በባዶ እጅ ነው፤ ማታ ጣቶቻችን ሲሰነጠቁ ቅቤ እንቀባቸዋለን፣ ጠዋት ተመልሰን ሲሚንቶው ውስጥ። ምስማር ኮንጎውን በስቶ እግር ሲገባ ነጭ ጋዝ ይፈስበትና ሥራው ይቀጥላል። ምስማሩን የሚሸጥልን ባለሱቅ ከስልጤ የመጣ ደግ ሰው ነበር፤ ምስማሩን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጠን "ለእንጨት ነው የሸጥኩላችሁ፣ ለእግራችሁ አይደለም" እያለ ይቀልድብን ነበር። ከመካከላችን አንዱ "ይሄ ነገር ከፍ አላለም?" ብሎ እንደሆነ "ፈሪ ለእናቱ!" ተብሎ ይሳቅበታል። እኔም አብሬ ስቄአለሁ። ዛሬ በዚህ ዕድሜዬ ሳስበው፣ ሰው ለእናቱ ቢተርፍ ምን ነውር ነበረው እላለሁ።

የእኔ ሥራ ማሰር ነው። ያኔ ሽቦ ውድ ስለነበር የምናስረው በልጥ ነው፤ የባሕር ዛፉን ቅርፊት ገፈን፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን፣ እርጥቡን እናጠብቀዋለን፣ ሲደርቅ ራሱ እየጠበበ እንደ ብረት ይይዛል። ፖንቴ ሦስት ዓይነት እንጨት አለው። ቋሚው ይቆማል። አግድሙ ጣውላውን ይሸከማል። ሦስተኛው ሰያፉ ነው፤ ከታች ጥግ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ጥግ ዘንበል ብሎ የሚታሰረው። ሰያፉን ላላወቀው ሰው ሥራ ፈት ነው የሚመስለው፤ ማንም አይቆምበትም፣ ምንም አልተጫነበትም። ፖንቴው ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ግን እሱ ነው። ይህን ከእኔ በተሻለ የሚያውቅ በከተማው አልነበረም፤ ይህን የምጽፈው ለመኩራት እንዳልሆነ ዝቅ ብሎ ይታያል።

አንድ ዓመት ከገበያው በላይ ባለ ሁለት ፎቅ ሱቅ እንሠራ ነበር። ሲሚንቶ ከሚያመላልሱት ሴቶች አንዷ ታደለች ትባላለች፤ የበዴሳ ልጅ ናት፣ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ነው የምትሠራው። የተቦካውን ሲሚንቶ በቆርቆሮ ሳፋ ጭና፣ ሳፋውን ራሷ ላይ አድርጋ፣ እጇን ለቅቃ ነው መወጣጫውን የምትወጣው። አንገቷ ቀጥ ያለ፣ አረንጓዴ ሻሽ የምታስር፣ ቁመቷ አጭር። ከላይ ሆኜ ሳያት እግሯ በመወጣጫው ጣውላ ላይ ከተመቱት የእግር ማቆሚያ እንጨቶች ከአንዱ ወደ ሌላው እንደማይደርስ ታዘብሁ፤ በየእርምጃው ትንሽ ትዘላለች። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉንም ነቅዬ አቀራርቤ መታኋቸው። ከሰዓት ወጥታ ልብ አለችው።

"ማነው ይሄን ያጠበበው? ለዶሮ ነው የሠራኸው?"

"ለአንቺ ነው።"

"ዶሮ ነሽ እያልከኝ ነው?"

ግንበኞቹ ሳቁብኝ። በማግስቱ ግን ከበዴሳ የመጣ የተቀቀለ ስኳር ድንች በቅጠል ጠቅልላ አመጣችልኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሷ ሌላ ሴት ዓይኔ ውስጥ አልገባችም።

ጊፋታ ሲደርስ ሥራ ይዘጋል። በሬው የሚገዛው፣ የእንሰት ምግቡ ባጪራ የሚሠራው፣ ለሥጋው ማባያ ዳጣው የሚፈጨው ያን ሰሞን ነው፤ በየሰፈሩ ደግሞ ጎረምሳው ለእሳቱ እንጨት ይሰበስባል። በእኛ ሰፈር ልማድ ለጊፋታ እሳት እንጨት የተጠየቀ ሰው አይከለክልም። ሽማግሌዎቹ "ለጊፋታ እሳት የነፈገ ዓመቱን ሙሉ ብርድ ብርድ ይለዋል" ይሉ ነበር። አጥሩ የተነቀለበት እንኳ "ደግ አደረጋችሁ" ብሎ ይመርቃል እንጂ አይቆጣም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሰፈሬ ልጆች፣ እኩዮቼ ናቸው፣ እየዘፈኑ ወደ ሕንፃው መጡ። ካቦው ቀድሞ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። "ዳልጋ፣ ደረቅ እንጨት!" አሉኝ። የወደቀ ደረቅ እንጨት ፈለግሁ፣ የለም። መሬት ላይ ያለው ሁሉ እርጥብ ነው። ቀና ብዬ ሳይ በገበያው በኩል ሁለት ሰያፎች አሉ፤ ደርቀው ይጮኻሉ። ሥራ የለም፣ ሳምንት ሙሉ የሚወጣበት ሰው የለም፣ በቀጣዩ ሳምንት ሰኞ ማልጄ ሌላ እተካለሁ አልሁ። በገዛ እጄ ልጡን ቆርጬ ሁለቱንም ሰጠኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ፤ ደስ አለኝ፣ እሳቱ ዘንድ ሄጄም የራሴን እንጨት ሲነድ እያየሁ ጨፈርሁ።

ከዚያ አጎቴ ዘንድ ወደ ቢጠና ሄድሁ። በሳምንቱ እሁድ መመለስ ነበረብኝ፤ ሥጋውም ጨዋታውም አላስነሣ አለኝ። ሰኞ ጠዋት ነው የጭነት መኪና ላይ የተሳፈርሁት። መንገድ ላይ ሰያፎቹ ትዝ አሉኝ፤ "ዛሬ ማን ይመጣል፣ ሁሉም ገና ከበዓሉ አልወጣም" እያልሁ ራሴን ስደልል ሶዶ ደረስሁ። አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ከመኪናው ወርጄ ስሮጥ ሕዝቡ ከሕንፃው ሥር ተሰብስቦ አየሁ። ፖንቴው አልተሰበረም። ወደ ገበያው በኩል ዘመም ብሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፣ ያ ብቻ ነው። ታደለች ሳፋውን እንደጫነች ከላይኛው ርብራብ የድንጋይ ክምር ላይ ወድቃለች። ጣውላ ላይ አስተኝተን፣ የምስማር ሻጩን ፒክአፕ ለምነን ወደ ዱቦ ሆስፒታል ስንወስዳት ራሷ ጭኔ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ዓይኗን ገልጣ "ሲሚንቶው ፈሰሰ?" አለችኝ።

ሐኪሞቹ ሕይወቷንም እግሯንም አተረፉላት፤ ግራ እግሯ ግን ከቀኙ አጠረ። ካቦው ፖንቴውን ዞሮ አየና "ልጡ በዝናብ ላልቶ ነው" አለ። ግንበኞቹም "ልጡ ነው" አሉ። የታደለች አባት የጸሎት ሰው ነበሩ፣ "እግዚአብሔር ያለው ሆነ፣ እስትንፋሷን ትቶልናል" አሉ። ሁሉም ወደ ሰማይና ወደ ዝናብ ሲያይ ወደ እኔ ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን ውስጤ ነቅዟል፤ እኔ ነኝ የማውቀው። ሆስፒታል እየተመላለስሁ ጠየቅኋት፣ በዓመቱ ሽማግሌ ላክሁ። ሰዉ "አንካሳ መሆኗን ሳይንቅ" ብሎ አመሰገነኝ። እወዳት ስለነበረ ነው ያገባኋት፣ ይህን ማንም እንዳይወስድብኝ። ግን ያመሰገነኝ ሰው ሁሉ በዚያ ምስጋናው ሲወጋኝ ኖሯል።

ቤታችን ተዳፋት ላይ ስለሆነ ከደጃፉ ወደ መንገዱ አምስት የድንጋይ ደረጃ አለው። ከተጋባን ጀምሮ ታደለች ያን ደረጃ የምትወርደው ትከሻዬን ይዛ ነው። እኔ አንድ ደረጃ ቀድሜ እወርድና ትከሻዬን ዝቅ አድርጌ እቆማለሁ፤ እጇን ታሳርፋለች፤ አብረን እንወርዳለን። በዘራ ገዝቼላት ነበር፣ ከበሩ ጀርባ አቧራ ጠጥቷል። "ሁለት እግር ያለው በዘራ አለኝ" ትላለች ሰው ሲጠይቃት። እሁድ ወደ ጸሎት ቤት፣ ቅዳሜ ወደ ገበያ፣ ለቅሶም ሰርግም፣ ይኸው እጇ ትከሻዬ ላይ ነው። የምለብሰው ኮት ሁሉ በዚያ በኩል ነው ቀድሞ የሚያልቀው።

አሁን ወደ ልጃችን ልምጣ። ምሕረት ትባላለች፣ የመጨረሻዋ ናት። ኮንስትራክሽን ተምራ ጨርሳ በላይኛው መንገድ በሚሠራ አንድ ስድስት ፎቅ ሕንፃ የደህንነት ተቆጣጣሪ ሆና ተቀጠረች። ሠራተኞቹ ስሟን ትተው "ሴፍቲ" ነው የሚሏት። ቢጫ ሰደርያዋና ሄልሜቷ ማታ ማታ በራችን ላይ ይሰቀላሉ፤ ጎረቤቶቻችን ያን እያዩ "ልጅሽ ትልቅ ሰው ሆነች" ሲሏት ታደለች ፊቷ ይበራል። እኔ ሄልሜቱ ከተሰቀለበት ወርዶ ልጄ ከወጣች ጀምሮ ተመልሶ እስኪሰቀል ድረስ እህል አይወርድልኝም። አምቡላንስ ሲጮህ እነሣለሁ። ስልክ ሲጠራ እነሣለሁ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሦስት ጊዜ ደውዬላት "አባዬ፣ ደህንነት የምቆጣጠረው እኔ፣ የምትቆጣጠረኝ አንተ!" ብላ ሳቀችብኝ። ሕንፃውን ሄጄ ከሩቅ አይቼዋለሁ። በመንገዱ በኩል ያለው ፖንቴ የብረት ነው፣ ያምራል፤ በኋላው በኩል ግን ሰው ስለማያየው አሁንም አጣና ነው። በልጥ ፈንታ በሽቦ ይታሰራል እንጂ ያው የእኔው ፖንቴ ነው።

ዘንድሮ በጊፋታ ማግስት በሰፈራችን አደባባይ ሳልፍ የእሳቱ አመድ ዘንድ ደረስሁ። ልማዴ ነው፣ አመድ አይቼ አላልፍም። በምርኩዜ ጫር ጫር ሳደርገው አንድ የተጠቀለለ ጥቁር ሽቦ ወጣ። ሌላ ጫርሁ፣ ሌላ ወጣ። ጎንበስ ብዬ አነሣሁት፤ ሁለት ዙር ተጠምጥሞ ጫፉ የተቆለመመ ነው። አጥር የሚያስር ሰው እንዲህ አያስርም። በእኛ ጊዜ ልጡ ከእንጨቱ ጋር ነዶ ያልቅ ነበር፣ እኔን የሚያጋልጥ ምንም አልተረፈም። ሽቦው ግን አይነድም። አራት ጥቅል ኪሴ ከትቼ ወደ ቤት ገባሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ይዤ ስዞር ከረምሁ። ለምሕረት ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳስብ ሽቦውን መልሼ ኪሴ እከተዋለሁ።

በሳምንቱ እሁድ ከጸሎት ቤት ተመልሰን ምሳ በላን። ታደለች ቦሎቄ ትፈለፍላለች፣ ምሕረት የሰኞ ልብሷን ታሰናዳለች።

"ነገ ሥራ ትጀምራላችሁ?" አልኋት።

"አንድ ሰዓት ላይ። በኋላ በኩል ልስን ነው፣ አሥራ ስምንት ሰው ይወጣል። እኔም አብሬያቸው ነኝ።"

"ፖንቴውን አይተሽዋል?"

"ከበዓሉ በፊት ዓርብ ዕለት አይቼ፣ አረንጓዴ ካርድ ሰቅዬበት፣ ፈርሜበት ነው የወጣሁት። አባዬ፣ ጀመርህ ደግሞ?"

"ነገ ከመውጣታችሁ በፊት እንደገና እዪው።"

"እንደገና ከሥር እስከ ጫፍ ልፈትሽ ብል እኮ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ካቦ መስፍንን ታውቀዋለህ፣ አሥራ ስምንት ሰው አቁሜ ምን ልበለው? አባቴ ሕልም አየ ልበለው?"

አራቱን ሽቦ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። "ከጊፋታው አመድ ውስጥ ነው ያገኘሁት" አልሁ። አንሥታ አገላብጣ አየችው። "ይሄ የማንም አጥር ሊሆን ይችላል" አለች፤ ድምጿ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

"የአጥር አይደለም። የሰያፍ ማሰሪያ ነው። ለእሳት እንጨት ሲለመን ቋሚውን ማንም አይሰጥም፣ አግድሙንም አይሰጥም። ሰው የሚሰጠው ሰያፉን ነው፣ ትርፍ ስለሚመስለው።"

"እሱን እንዴት አወቅህ?"

ያን ጊዜ ሌላ መልስ ፈለግሁ። የሰማሁት ነው ልበል? ሌላ ቦታ የሆነ ነው ልበል? ዕድሜዬን ሙሉ ዋሽቻለሁ፣ አንድ ተጨማሪ ውሸት አይከብደኝም ነበር። ግን ካቦ መስፍን በውሸት እንደማይቆም አውቃለሁ፤ ምሕረትም በግማሽ እውነት ሰው እንደማታቆም አውቃለሁ። ቢጫ ሰደርያዋን በሩ ላይ አየሁት። ሽቦዎቹን ወደ ምሕረት ገፋ አደረግሁ።

"እኔ ሰጥቼ ስለማውቅ ነው" አልሁ። "ከገበያው በላይ ካለው ሕንፃ። እናትሽ ከመውደቋ በፊት ለጊፋታው እሳት ሰያፎቹን የሰጠሁት እኔ ነኝ። የጣላት ዝናቡ አልነበረም።"

የቦሎቄው ድምፅ ቆመ። ታደለች ጣቷ መካከል የነበረውን ገለባ ጣለች።

"ስንት ነበር?" አለች።

"ሁለት።"

"በየት በኩል?"

"በገበያው በኩል።"

"እኔ በምወጣበት።"

"አዎ።"

የምትጮህ መስሎኝ ነበር፤ ብትጮህ እመርጥ ነበር። ሳህኑን ከጭኗ አንሥታ መሬት ላይ አስቀመጠችና "ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?" አለች። "ቁጭ ብላችሁ ታዩኛላችሁ እንዴ? ሄዳችሁ ቁጠሩ እንጂ!"

በባጃጅ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ምሕረት አላናገረችኝም፣ ከንፈሯን ነክሳ ውጭ ውጭውን ታያለች። ሾፌሩ የጊፋታ ዘፈን ከፍቶ ነበር። ሕንፃው ጋ ስንደርስ ዘበኛው፣ የዋህ ሰው ነው፣ ከጎጆው ብቅ ብሎ በቋንቋችን ሰላምታ እየሰጠ "ሳሮ! ሴፍቲ፣ በእሁድ ምን እግር ጣለሽ? ጋሼ፣ እንኳን አደረሰዎት!" አለን።

"በበዓሉ እንጨት የሰጠኸው ሰው አለ?" አለችው ምሕረት።

"ለሰፈሩ ልጆች ነዋ! ትርፍ ትርፉን እያየሁ። ለጊፋታ እሳት ይከለከላል እንዴ?" ፊቱ ላይ የጥፋት ምልክት የለም። እንዲያውም ምርቃት የሚጠብቅ ይመስላል። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ የእኔ ፊት ነበር።

ዞረን ወደ ኋላው ሄድን። ጥግ ላይ አረንጓዴው ካርድ ከነፊርማዋ ተንጠልጥሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ቆጠርን። እሷ በጣቷ እያመለከተች፣ እኔ በከንፈሬ። ስምንት ሰያፍ መኖር ነበረበት። ሦስት ነው ያለው። ቋሚው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አግድሙ ሙሉ ነው፣ ጣውላው ተነጥፏል፤ ላላወቀ ሰው ምንም አልጎደለም። እጄን ቋሚው ላይ አድርጌ በትንሹ ገፋ አደረግሁት። እስከ አምስተኛው ፎቅ ድረስ ሲንቀጠቀጥ ሰማነው። ምሕረት አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ አረንጓዴውን ካርድ በጠሰችውና መውጣት የሚከለክለውን ቀዩን ሰቀለች።

ካቦ መስፍን በስልክ ሲጮህባት እኔ ድረስ ይሰማል። "አንቺ ልጅ፣ ነገ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ይመጣል! ወጥተው ይሥሩ፣ ጎን ለጎን እናስረዋለን!" ይላል። "ካቦ፣ እነሱ ላይ ሆነው ከታች ሊታሰር?" አለችው። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ነገ ማንም አይወጣም፣ ብትፈልግ እኔን አባርረኝ።" ሰኞ አሥራ ስምንቱ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መሬት ላይ ተቀምጦ ዋለ። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ አንዱ ወጣት ግንበኛ "ፈሪ ለእናቱ!" ብሎ ሲቀልድ ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔ ተነሥቼ "አዎ፣ ለእናቱ!" አልሁት፣ ቁጣዬ እኔንም አስደነገጠኝ። ከዚያ አምስት ሰያፍ ከታች ወደ ላይ ሲያስሩ ቆሜ አሳየኋቸው። ሽቦውን የማጥበቅ ጉልበት የለኝም፣ ዓይን ግን አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምሕረት ራሷ ቀድማ ወጣች። እስክትወርድ ድረስ ቋሚውን ይዤ ቆምሁ።

ያን ቀን ማንም አልወደቀም። ያልወደቀ ሰው ደግሞ ወሬ የለውም፤ በከተማው ስለዚያ ሰኞ ያወራ አንድም ሰው አልሰማሁም። ዘበኛውን ምሕረት አላስቀጣችውም፣ ሰያፍ ምን እንደሆነ በእጁ እያስነካች አስተማረችው። ለእኔም ቀስ በቀስ መናገር ጀመረች፤ ማክሰኞ "ሻይ ይሁንልህ?" አለችኝ፣ ረቡዕ ስለ ሥራዋ አወራችልኝ። ታደለች ስለ ነገሩ ምንም አላነሣችም። ምሳዬን ታቀርባለች፣ ውሃ ስጠኝ ትላለች፣ የጎረቤት ወሬ ትነግረኛለች። "ታደለች፣ ስለዚያ ነገር..." ስላት "ቦሎቄው ጨው በዛበት?" ትለኛለች። አንድ ከሰዓት ግን ከጓሮ ስመለስ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ሁለት እግሯን ዘርግታ፣ አንዱን ከሌላው አጠጋግታ፣ ልዩነቱን ስታይ አገኘኋት። የእግሬን ኮቴ ሰምታ ቀሚሷን ሳበችበት።

እሁድ ለጸሎት ተዘጋጀን። ነጭ ነጠላዋን ለብሳ መጽሐፏን ብብቷ ሥር ይዛ ወጣች። እኔ እንደ ወትሮው አንድ ደረጃ ቀድሜ ወረድሁ፣ ትከሻዬን ዝቅ አድርጌ ቆምሁ። ጠበቅሁ። ከኋላዬ በሩ ሲጥ ሲል፣ ከበሩ ጀርባ አንድ ነገር ሲነሣ፣ አቧራው በእጅ ሲራገፍ ሰማሁ። ዞሬ ለማየት አልደፈርሁም። በዘራው የመጀመሪያውን ድንጋይ ነካ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፤ ታደለች በአጠገቤ አልፋ፣ በሌላ እጇ ግድግዳውን ይዛ፣ አምስቱንም ደረጃ ብቻዋን ወረደች።